ቱሉ ዲምቱ ያለችው ጥገና ቤት እና የላፕቶፔ «ጠቅ ጠቅ»

መጀመሪያ ነጥቡን ልስጥና ልገላገል። ከአሥር ስምንት። ሁለቱን ለምን እንደቀነስኩ ወደ ኋላ ላይ እነግራችኋለሁ፤ ስምንቱ ግን የሥራቸው ነው። ሌላ ቤት «አልቆለታል» ብሎ የፈረደበትን ሃርድ ዲስክ እነዚህ ሰዎች ካቻቢቴ እንኳ ሳያነሱ፣ አንድ ቁጥር ቀይረው መለሱልኝ። ደግሞ ቁጥሩን ለምን እንደቀየሩት ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ ሰው ሲያስረዳ ደስ ይለኛል።

ታሪኩ ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና ያዙ።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ የማስተምረው ፊዚክስ። ላፕቶፔ ስገዛው ያገለገለ ነበር፣ አሁን ደግሞ የበለጠ አገልግሏል። ውስጡ ያለው የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው፤ ባለ 500 ጊጋ፣ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር። ዊንዶውስ ከተውኩ ቆይቻለሁ። ምክንያቱን አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል። ፈተና ለማባዛት ፍላሽ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ስትመለስ ፍላሹ ላይ ያለው ፋይል ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይጠብቅሃል። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን ቫይረስ ማጽዳት ሰልችቶት በዊንዶውስ ፋንታ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነልኝ። ከዚያ ወዲህ ቫይረስ የሚባል ነገር ረሳሁ።

ድምፁ ግን መጣ።

ማታ ልጆቹ ሲተኙ ነው የሚሰማው። ጠቅ። ዝም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደግሞ ጠቅ። ሰዓት የማይጠብቅ የግድግዳ ሰዓት በሉት። ባለቤቴ «ይቺ ነገር አንድ ቀን ትፈነዳብናለች» ትላለች። አሁን ሳስበው ድምፁ ጎልቶ የሚመጣው መብራት በሚጠፋበት ማታ ነበር። እኔ ግን፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ «መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ጸጥ ስለሚል ነው የሚሰማኝ» ብዬ ተንትኜ አለፍኩት። ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ ግማሽ ነጥብ እሰጠው ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት መሃል ከተማ ያለ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። ልጁ ላፕቶፑን አስነስቶ፣ ሐብሐብ እንደሚመርጥ ሰው ጆሮውን አስጠጋ። አንዴ ጠቅ ሲል ራሱን ነቀነቀ። «ሃርድ ዲስኩ አልቆለታል። ኤስኤስዲ ይገባለታል፣ ፎርማት ይደረግና ዊንዶውስ ይጫናል፤ 5,200 ብር ከነእጅ ዋጋው።» (ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የሌለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ነው።) ሊኑክስ ነው የምጠቀመው ስለው ደግሞ «እሱን ማን ጫነብዎት?» አለኝ። ጫነብዎት! ክፉ በሽታ የያዘኝ ይመስል። ወሩ አጋማሽ ላይ ነበርን፤ በአስተማሪ ደሞዝ ወር አጋማሽ ላይ 5,200 ብር የሚያወጣ ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ። «እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። አልተመለስኩም።

ይቺን ቤት የጠቆመኝ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ፣ በእግር የሚደረስ ነው። ኮንቴይነር ናት። ታፔላው ላይ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ የኮምፒውተርና የሞባይል ጥገና ይላል፤ ሌላ ስም የላትም። በግራዋ ሥጋ ቤት፣ በቀኟ ወፍጮ ቤት። ወፍጮ ቤቱን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልገናል።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ናቸው። ፎቶ ኮፒው ጋር ባለቤቷ ሴትዮ፣ ጥጉ ላይ ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ደግሞ ሃያ ዓመት ቢሞላው ገና የሞላው የሚመስል ልጅ። ላፕቶፑን አስቀመጥኩለት። ክዳኑን ሳይከፍት፣ ድምፁንም ሳይሰማ፣ «ጋሼ፣ ባክአፕ አለዎት?» አለኝ።

«የተወሰነው ፍላሽ ላይ አለ።»

«የተወሰነ ከሆነማ የለዎትም ማለት ነው።»

እሱ ራሱ ከመሳቢያው ኤክስተርናል ዲስክ አውጥቶ ሰነዶቼን ሁሉ ገለበጠ። አርባ ደቂቃ ፈጀ። የሚሞት ዲስክ ሊሆን ይችላል ተብሎ በተጠረጠረ ነገር ላይ ምንም ከመነካካት በፊት መገልበጥ ነው፤ ይህን ሳይነግሩት የሚያውቅ ጥገና ሠራተኛ ካገኛችሁ ስልኩን ያዙ። ያኛው ቤት «ፎርማት ይደረግና» ሲል ፋይሎቼን በተመለከተ ትንፍሽ አላለም ነበር።

ከዚያ ተርሚናል ከፈተ፤ ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው። በስልኩ ዳታ ስማርትሞንቱልስ የሚባለውን፣ የዲስክ ጤና የሚያነብ ፕሮግራም ጫነ። እኔም ደብተሬን አውጥቼ እሱ እየጠራ እኔ መጻፍ ጀመርኩ፤ በአማርኛ ፊደል። ገጹ አሁንም ፊቴ ነው፦ «ሱዶ ስማርትሲቲኤል፣ ሰረዝ ትልቁ ኤ፣ ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስዲኤ።» ሱዶ የአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው፣ የመጨረሻው የዲስኩ ስም። ትልቁ የሚለው ላይ አስምሬበታለሁ፤ ትንሹና ትልቁ ኤ ሥራቸው የተለያየ ነውና።

የወጣው ሰንጠረዥ ዲስኩ ስለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው። ረጅም ነው፣ የልጁ ጣት ግን ጥቂት መስመሮች ላይ ብቻ አረፈ። ቁጥር 5፣ ተበላሽተው በመለዋወጫ የተተኩ ቦታዎች፦ ዜሮ። ቁጥር 197፣ ማንበብ አስቸግረው የተጠረጠሩ፦ ዜሮ። 198፣ እሱም ዜሮ። ቁጥር 9፣ የሠራበት ሰዓት፦ 9,140። «ዜሮ የሆኑት ሦስቱ ከዜሮ ተነስተው እየጨመሩ ቢሆን ኖሮ እኔም ይቀየር እል ነበር» አለ። ከዚያ ጣቱ ቁጥር 193 ላይ ቆመ። ሎድ ሳይክል ካውንት። 287,412።

«ጋሼ፣ ይሄ ዲስክ አልታመመም። ደክሞት ነው።»

ምን ማለት እንደሆነ ልጠይቀው ስል መብራት ጠፋ።

ወፍጮው እየተንተፋተፈ ቆመ። ፎቶ ኮፒው ቆመ። ሴትዮዋ «አቤት አቤት» አለች። ያን ሁሉ ሰዓት ጆሯችን ውስጥ ሲፈጭ የነበረው ነገር በአንዴ ጸጥ አለ። የእኔ ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው አልጠፋም። ሁላችንም ዝም ብለን ስንተያይ፣ ከጠረጴዛው ላይ፦ ጠቅ።

ልጁ ፈገግ አለ። ኮማንዱን ደግሞ መታው፤ ቁጥሩ በአንድ ጨምሯል። ስልኩ ላይ ሰዓት ያዘ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ 287,435 ሆነ። በአሥር ደቂቃ ሃያ ሁለት። ቻርጀር ላይ በነበረበት ጊዜ ግን፣ አርባ ደቂቃ ሙሉ ሲገለብጥ፣ አንድም ጊዜ ጠቅ ሲል አልሰማንም፤ ወይም ብሎ ወፍጮው ውጦት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ጠፍጣፋ አለ። በላዩ ላይ፣ ሳይነካው፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ክፍተት እየተንሳፈፈ የሚያነብና የሚጽፍ ጫፍ አለ፤ ሄድ ይሉታል። ሥራ ሲጠፋ ዲስኩ ሄዱን ከጠፍጣፋው ላይ አንስቶ ጥግ ላይ ባለች መወጣጫ ላይ ያቆመዋል። ፓርክ ያደርገዋል። ይህ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ላፕቶፑ ቢወድቅም ጠፍጣፋው እንዳይጫር ያደርጋል። መልካም ሐሳብ ነው። ጠቅ የሚለው ድምፅ ይኸው መውጣትና መውረድ ነው፤ ቁጥር 193 የሚቆጥረውም እሱኑ ነው።

ችግሩ ኮምፒውተር ሙሉ በሙሉ ሥራ አይፈታም። አንተ ቁጭ ብለህ ስክሪኑን ስታይ እንኳ ሲስተሙ ሎግ ይጽፋል፣ ብራውዘሩ የሆነ ነገር ያስቀምጣል። ኡቡንቱ የሚጠቀምበት የፋይል አደረጃጀት፣ ኤክስት 4፣ ደግሞ ያልተጻፈ ነገር ካለ በየ5 ሰከንዱ ወደ ዲስክ ያራግፋል። ስለዚህ ሄዱ ገና አረፍ ከማለቱ «ተነሥ፣ ሥራ መጣ» ይባላል። ይነሣል። ይጽፋል። ያርፋል። ተነሥ። ከቃሊቲ ወደ እኛ የሚመጡ የታክሲ ሹፌሮችን አይታችሁ ከሆነ በየማቆሚያው ሞተር የሚያጠፋ አለ፤ ቤንዚን ለመቆጠብ። በቀን መቶ ጊዜ ያስነሳና ሞተሪኖውን ይበላዋል። ያው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ስንት ይቆጥባል? ጠየቅኩት። አንድ ዋት ገደማ ቢሆን ነው አለ። እዚያው በደብተሬ ደመርኩ። በአሥር ደቂቃ 22 ከሆነ በሰዓት 132። እኛ ሰፈር በባትሪ የምሠራውን በቀን አራት ሰዓት ብንለው 528። በዓመት ከ190,000 በላይ። የዚህ ዓይነት የላፕቶፕ ዲስኮች የሚሠሩት አንዳንዶቹ ለ300,000፣ ብዙዎቹ ለ600,000 እንዲህ ያለ መውጣት መውረድ ነው። ቁጥሩ ሞላ ማለት በነጋታው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ግን የሚከራከርልህ የለም። የእኔው፣ ባለ600,000 ነው ብንል እንኳ፣ ሁለት ዓመት የማይሞላ ዕድሜ ነበር የቀረው።

ደግሞ ይህ አዲስ በሽታ አይደለም። በፈረንጆቹ 2007፣ ይህ ልጅ ገና ዳዴ በሚልበት ጊዜ መሰለኝ፣ ኡቡንቱ የላፕቶፕ ዲስክ ይገድላል ተብሎ ዓለም ተንጫጭቶ ነበር። የዚያን ጊዜውም ክርክር ይኸው ነው። ዲስኩ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው የቁጠባ ልክ አለ፣ ሲስተሙ ደግሞ በየጊዜው ይቀሰቅሰዋል፤ ጥፋተኛው ማን ነው? ሁለቱም ለየብቻቸው ልክ ናቸው። አብረው ሲኖሩ ነው የሚጣሉት። እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት።

ወደ ጥገናው ልመለስ። ልጁ ኤችዲፓርም የሚባለውን፣ የዲስክ ልክ የሚያስተካክል ኮማንድ ጠራ። ደብተሬ እንዲህ ይላል፦ «ሱዶ ኤችዲፓርም፣ ሰረዝ ትልቁ ቢ፣ ስላሽ ዴቭ ስላሽ ኤስዲኤ።» ያለ ቁጥር ስትመታው ዲስኩ አሁን ያለበትን የቁጠባ ደረጃ ይነግርሃል። 128 አለ። ደረጃው ከ1 እስከ 255 ነው። ከ1 እስከ 127 ያለው ጠፍጣፋው ራሱ መሽከርከር እንዲያቆም ይፈቅዳል። ከ128 እስከ 254 መሽከርከር አያቆምም፣ ሄዱ ግን ፓርክ ሊያደርግ ይችላል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ስስቱ ይብሳል። 255 ቁጠባውን ጨርሶ ያጠፋዋል፣ ግን ሁሉም ዲስክ አይቀበለውም። ስለዚህ ከቢው ቀጥሎ 254 ጻፈና ኢንተር መታ።

ዝም አለ። ላፕቶፑ ማለቴ ነው። ልጁማ ወሬውን ቀጠለ።

አሥር ደቂቃ ጠበቅን። 193 ንቅንቅ አላለም። ዋጋ ስጠይቅ «ሁለት መቶ ብር» አሉኝ፤ ያቺኑ ሁለት መቶም ሴትዮዋ ናት የቆረጠችው፣ ልጁ አፍሮ ነበር። እና ልብ በሉ፣ ከጀርባው መስታወት ውስጥ የሚሸጡ ኤስኤስዲዎች ተደርድረዋል። ልገዛ ይሆን ብዬ ስጠይቀው «ገንዘብ ሲተርፍዎት ይግዙ፣ በጣም ነው የሚፈጥንልዎት፣ ሄድ የሚባል ነገርም የለውም። ዛሬ ግን አያስፈልግዎትም» አለ። የሚሸጥ ዕቃ ይዞ «ዛሬ አያስፈልግዎትም» የሚል ነጋዴ ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው።

እስከዚህ ድረስ ከአሥር አሥር ነበር የምሰጠው።

ማታ ቤቴ ገባሁ፣ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክቼ የፈተና ጥያቄ ማውጣት ጀመርኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ሄደ። ሦስት ደቂቃም አልቆየ። ጠቅ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት «ተሠራ አላልክም?» አለች። መልስ አልሰጠሁም።

ቅዳሜ ተናድጄ ሄድኩ። ሴትዮዋ ገና ታሪኩን ሳልጨርስ ወደ ልጁ ዞራ «ካልሠራ ገንዘባቸውን መልስላቸው» አለችው። ይህን እወድላታለሁ። ልጁ ግን ገንዘቡን ትቶ ላፕቶፑን ተቀበለኝ። ቻርጀሩን ሰካና ደረጃውን ጠየቀ፦ 254። ነቀለና ጠየቀ፦ 128። ሰካ፦ 254። ነቀለ፦ 128። ቀና ብሎ አየኝ።

«ጋሼ፣ ባትሪ ቆጣቢ ነገር ጭነው ያውቃሉ?»

አቤት። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት፣ መብራት በጣም ያስቸግረን በነበረ ጊዜ፣ ባትሪ ይቆጥባል ሲባል ሰምቼ ቲኤልፒ የሚባለውን ጭኜ ነበር። ጭኜ ረሳሁት። መድኃኒት እየዋጠ ለሐኪሙ ሳይነግር እንደሚተኛ በሽተኛ ማለት ነው። ሁለት መቶ ሰማንያ ሺውን በመቶ ሠላሳ ሁለት፣ በቀን አራት ሰዓት ብታካፍሉት እዚያው ዓመት ተኩል ላይ ነው የሚያደርሳችሁ። ሒሳቡ ራሱ ጠቁሞኝ ነበር፣ እኔ ነኝ ያላየሁት።

ቲኤልፒ ጥሩ ሶፍትዌር ነው፤ ስሙን ማጥፋት አልፈልግም። ሥራው ቻርጀር ሲነቀል ላፕቶፑን ወደ ቁጠባ መውሰድ፣ ሲሰካ መመለስ ነው። ለዲስክ የሚሰጠው ልክ ቻርጀር ላይ 254፣ ባትሪ ላይ 128 ነው። 128 ለብዙ ዲስክ ምንም ላይል ይችላል። የእኔው ዲስክ ግን 128 ሲባል ዕረፍት የተሰጠው የመንግሥት ሠራተኛ ይሆናል። ልጁ በእጁ የሰጠውን 254 መብራት በጠፋ ቁጥር ቲኤልፒ እየሻረው ነበር። ትእዛዙን በታማኝነት እየፈጸመ።

መፍትሔው ይኸው፣ ደብተሬ ላይ በቀይ ነው ያለው። ስላሽ ኢቲሲ ስላሽ ቲኤልፒ ነጥብ ኮንፍ የሚባለውን ፋይል በሱዶ ትከፍታለህ። ዲስክ፣ ኤፒኤም፣ ሌቭል፣ ኦን፣ ባት የሚሉትን ቃላት በአንድ መስመር ታገኛለህ። ከፊቱ ያለችውን የሀሽ ምልክት ታነሳለህ፣ በጥቅሱ ውስጥ ያለውን 128 እና 128 ወደ 254 እና 254 ትቀይራለህ። ሁለት ጊዜ የሚጻፈው ለሁለት ዲስክ ስለሆነ ነው። ከዚያ «ሱዶ ቲኤልፒ ስታርት»። አበቃ። ክዳኑን ዘግተህ ብታስተኛውና ብታነቃውም ቲኤልፒ ራሱ መልሶ ያስገባዋል። በዚህ ጊዜ ታማኝነቱ ለእኔ ሆነ።

ቲኤልፒ የሌላችሁ፣ በእጅ የሰጣችሁት ቁጥር ላፕቶፑ ሲጠፋ አብሮ እንደሚጠፋ፣ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ ሲነቃም እንደሚረሳ እወቁ። እዚያው ኢቲሲ ውስጥ ያለው ኤችዲፓርም ነጥብ ኮንፍ ላይ ማስፈር ነው፤ ለቻርጀርና ለባትሪ የተለያየ መስመር አለው። ልጁ ፍሪቢኤስዲ የሚባለውን ሌላ ሲስተምም ይነካካል፤ እዚያ ካምኮንትሮል ኤፒኤም በሚለው ይሠራል አለኝ። ቁጥሮቹ ያው ናቸው፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የሲስተሙ ሳይሆን የዲስኩ ቋንቋ ነው። ይህ አነጋገሩ ደስ ብሎኛል።

እዚያው ቁጭ ብዬ ሳለሁ አንድ የእኛው ትምህርት ቤት ተማሪ ላፕቶፕ ይዞ ገባ። «ቲቸር!» አለኝ ደንግጦ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁም ጋሼ ማለቱን ትቶ ቲቸር ይለኝ ጀመር። የተማሪው ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ብቻ ነው የሚሠራው። መብራት በጠፋ ቁጥር እንደ አምፖል ድርግም። ልጁ ሰንጠረዡን ከፍቶ የሱን 193 ትቶ 192 አሳየው። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ሄዱ ተወርውሮ የሚገባበት ብዛት ነው። ከተለመደው መግቢያ ይልቅ ዲስኩን ይጎዳዋል። «አንተ ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ባትሪ ነው የሚቀየርልህ» አለው። ሁለት ጠቅታ፣ ሁለት በሽታ፣ ሁለት መድኃኒት። ያኛው ቤት ቢሆን ለሁለታችንም ኤስኤስዲ ይሸጥልን ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ልጁ ሦስት ጊዜ ነው የደገመልኝ። 254 ላይ ሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍጣፋው ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ ላፕቶፑን እየሠራ አንጠልጥሎ መዞር፣ ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ከፍቶ መሥራት ቀርቷል። ከጠረጴዛ ስታነሳው ክዳኑን ዝጋ፣ እስኪተኛ ጠብቅ፣ ከዚያ ተሸከም። ትንሽ ሞቅ ሊልም ይችላል። የእኔው 41 ዲግሪ ላይ ነው፤ ደህና ነው አለኝ። ባትሪው ላይ ደግሞ አሥር ደቂቃ ቢያጥርብኝ ነው፤ የስክሪኑን ብርሃን አንድ ደረጃ ዝቅ ሳደርግ አካክሶታል።

አሁን ሁለቱን ነጥብ ልቀንስ። አንዱን፣ የመጀመሪያው ቀን ቻርጀሩን ነቅሎ ሰክቶ ሳይፈትነው ስለላከኝ። እኔም ቲኤልፒን ደብቄዋለሁ፣ እውነት ነው፤ ግን ጠያቂው እሱ ነው፣ ሁለተኛው ቀን የጠየቀኝን የመጀመሪያው ቀን ቢጠይቀኝ ኖሮ ባለቤቴ አትስቅብኝም ነበር። ሌላኛውን ነጥብ ለቤቱ። መቀመጫው አንድ ዱካ ብቻ ነው። የፈተና ሰሞን ከሄዳችሁ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሱ ተማሪዎች ትከሻችሁ ላይ ተደግፈው ነው ላፕቶፓችሁ የሚሠራው፣ ጄኔሬተር ስለሌላቸው መብራት ሲጠፋ እናንተም ተጎልታችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ደረሰኝ ብትሉም ሴትዮዋ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ትጽፍላችኋለች። እሑድ ክፍት ነን ይላሉ። አይደሉም። ሄጄ አይቻለሁ።

ለሁለተኛው ቀን ሥራ አንድ ብር አልተቀበሉኝም። ሰርተፍኬቴን ላሚኔት አስደርጌ የሱን ከፍዬ ወጣሁ።

ያ ከሆነ ሦስት ወር አለፈው። ከመጀመሪያው ጉዞ እስከ ቅዳሜው ድረስ ዲስኳ ስትንጫጫ ከርማ፣ ቅዳሜ ከጥገና ቤቱ ስወጣ ቁጥር 193 290,050 ደርሶ ነበር። ዛሬ ጠዋት ቡና እስኪፈላ አየሁት፦ 290,231። ሌሊቱን መብራት አልነበረም። ባለቤቴ አሁን ስለ ፋኑ ድምፅ ማጉረምረም ጀምራለች። እውነቷን ነው፣ አቧራ ይዞታል መሰለኝ። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ፤ እሑድ አልሞክርም።